ያለ ማዘዣ አልሸጥም ያለሽ ፋርማሲስት

ጥያቄው፦ «የ7 ዓመት ልጄን ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስለዋል፣ ጉሮሮዬን ይላል። የመጀመሪያው ቀን ትኩሳትም ነበረው። በሦስተኛው ቀን ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ሄጄ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ስጠኝ ስለው ‹ያለ ማዘዣ አልሸጥም› አለኝ። ጭራሽ የጥያቄ መዓት አወረደብኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው መድኃኒት ቤት ግን አንድም ሳይጠይቅ ኦግመንቲን ሰጠኝ። ሦስት ቀን ሰጠሁትና ዳነልኝ። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እናቴ ደግሞ አንድ መድኃኒት ሲደጋገም ሰውነት ስለሚለምደው እየቀያየርሽ ስጪው ትለኛለች። የፋርማሲ ሥራ መሸጥ አይደለም እንዴ? ያ ሰው ለምን አስቸገረኝ?»

ልጅሽን ያዳነው ኦግመንቲኑ አይደለም። ከዚህ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነውና። አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚያስለው፣ ትኩሳቱ በአንድ ቀን የለቀቀው ልጅ በአብዛኛው የያዘው ቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። በትንሹም አይነካውም። ጉንፋን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ በራሱ እየቀለለ ይሄዳል። ሰው ወደ ፋርማሲ የሚሮጠው መቼ ነው? በባሰበት ቀን! ስለዚህ በዚያ ቀን የተወሰደ ማንኛውም ነገር፣ ኦግመንቲን በይው ዝንጅብል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ምስጋናውን ይወስዳል። ልዩነቱ ዝንጅብሉ ሌላ ጣጣ አያመጣም።

ሳሉም እንደዚያው ነው። አብዛኛው ሰው ሳል በሳምንት ይለቃል ብሎ ይጠብቃል። የተጠኑ ሰዎች ተደማምረው ሲታዩ ግን ከጉንፋን ጋር የሚመጣ ተራ ሳል በአማካይ ወደ 18 ቀን ይቆያል። እኔ ከባንኮኒ ጀርባ ሆኜ እንዳየሁት ብዙ አንቲባዮቲክ የሚሸጠው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሰውየው በስምንተኛው ቀን «አልለቀቀኝም» ብሎ ይመጣል፣ አንዱ ይሸጥለታል፣ ሳሉም ጊዜው ደርሶ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ያንን መድኃኒት በስሙ እየጠራ ይገዛል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። በኛ አገር ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ጤና ተቋም ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ሌላ ሽሮፕ መቀየር መልስ አይሆንም።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግማሽ አገር እንደሳቸው ነው የሚያምነው። መድኃኒቱን የሚለምደው ሰውነት አይደለም፣ ጀርሙ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ሰውነት ቢሆን የሚለምደው ጣጣው የወሰደው ሰው ብቻ ይሆን ነበር። ጀርም ግን ይተላለፋል፣ በእጅ፣ በምግብ፣ በሽንት ቤት፣ በሆስፒታል አልጋ። በሕይወቱ አንድ የአንቲባዮቲክ ፍሬ ውጦ የማያውቅ ጨቅላ ሕፃን መድኃኒት በተላመደ ጀርም ሊያዝ ይችላል፣ ይያዛልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው የሞተው መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሆነ ይገመታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ነው።

እንዴት ነው የሚለምደው? ልጅሽ አንጀት ውስጥ ለቁጥር የሚያታክት ባክቴሪያ አለ፣ አብዛኛው ጎጂ ያልሆነ፣ እንዲያውም የሚጠቅም። ለጉሮሮው ብለሽ የሰጠሽው ሽሮፕ ጉሮሮ ላይ ቆሞ አይቀርም። መላ ሰውነቱን ይዞራል። በመንገዱ ላይ መድኃኒቱን መቋቋም ያቃታቸውን ይገድላል፣ በአጋጣሚ መቋቋም የሚችሉት ይቀራሉ፣ ቦታው ስለተለቀቀላቸው ይራባሉ። ይባስ ብሎ ይህን ችሎታቸውን ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ጭምር ያጋራሉ። ከአንድ ዙር አንቲባዮቲክ በኋላ የዚህ ለውጥ ዱካ እስከ 12 ወር ሰውዬው ላይ ሊገኝ ይችላል። እና «እየቀያየርሽ ስጪው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አየሽው? ጀርሞቹን ከያንዳንዱ መድኃኒት ጋር በየተራ ማስተዋወቅ ማለት ነው።

ደግሞ በሌላ ስም የተሰጠሽ መድኃኒት አልተቀየረም። ኦግመንቲን ማለት አሞክሲሲሊን ነው፣ ክላቩላኒክ አሲድ የሚባል አጋዥ ተጨምሮበት። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞክሲሲሊንን ቆርጦ የሚጥል ኢንዛይም ያመነጫሉ፣ አጋዡ ያንን ኢንዛይም ይይዝለታል። ጠቃሚ የሚሆነው ጀርሙ ያ ኢንዛይም ካለው ብቻ ነው። ከሌለው ኦግመንቲን «ጠንከር ያለ» አሞክሲሲሊን አይደለም፣ ውድ የሆነና ተቅማጥ የሚያበዛ አሞክሲሲሊን ነው። አንዱ ፋርማሲ የከለከለሽን ሌላው በሌላ ካርቶን ሸጠልሽ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የጀርም መላመድ ሩቅ አገር ያለ ወሬ ለሚመስለው ሰው ሁሌ የምነግረው የኛው ታሪክ አለ። ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለትራኮማ ተብሎ በጅምላ አዚትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ በሚታደልበት ጥናት ውስጥ የአንዳንድ ቀበሌ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ወሰዱ። ተመራማሪዎቹ የልጆቹን አፍንጫ በጥጥ እየጠረጉ ኒሞኮከስ የሚባለውን፣ ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ባክቴሪያ ፈለጉ። ሲጀመር መድኃኒቱን የለመደው ኒሞኮከስ የተገኘባቸው ልጆች 3.6 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ 46.9 በመቶ ሆኑ! መድኃኒቱ ባልታደለባቸው ቀበሌዎች ግን 9.2 በመቶ ነበር። ዕደላው ሲቆም ቁጥሩ እየወረደ ሄደ፣ ይህንንም ልብ በይ፣ ተስፋው እዚያ ላይ ነው። ዕደላውን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው። ትራኮማ ዓይን ያጠፋል፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ተመዝኖ የተወሰነ ነገር ነው። የልጅሽ ጉንፋን ሚዛን ላይ ግን በአንዱ በኩል የሚቀመጥ ጥቅም የለም።

አሁን ስላስቸገረሽ ሰው እናውራ። «የጥያቄ መዓት» ያልሽው ምን ምን እንደነበር አልጻፍሽም፣ ግን እዚያ ባንኮኒ ጀርባ ስለኖርኩ መገመት አያቅተኝም። ዕድሜው ስንት ነው፣ ስንት ኪሎ ነው፣ ስንት ቀኑ ነው፣ ትኩሳቱ አለ ወይስ ለቆታል፣ ሲተነፍስ ይፈጥናል ወይ፣ ውሃ ይጠጣል ወይ፣ ጆሮውን ይነካካል ወይ፣ ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ሽፍታ ወጥቶበት ያውቃል ወይ፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ። ጥያቄዎቹ ላንቺ ምርመራ መስለው ታዩሽ፣ ግን የሚሠሩት ሥራ ነበር። እሱ በሽታ መመርመር አይችልም፣ አልተፈቀደለትምም። የሚችለው መለየት ነው፤ ይሄኛው ቤቱ ሄዶ ውሃ እየጠጣ የሚድን ነው፣ ይሄኛው ዛሬውኑ ሐኪም ማየት ያለበት ነው። ይህን ካርድ ሳታወጪ፣ ሳትሰለፊ፣ በነፃ እየሠራልሽ ነበር። የፋርማሲ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፣ ሽያጩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የጉሮሮውን ጥያቄ በተለይ ላብራራው፣ እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። እኛ ጋ ጉሮሮ የታመመ ሁሉ «ቶንሲል» ነው። አብዛኛው ቫይረስ ነው። ነገር ግን ከጉሮሮ ሕመም አንዱ ዓይነት፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ ሩማቲክ ትኩሳት አምጥቶ የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። አገራችን ውስጥ የልብ ቫልቭ ተበላሽቶባቸው በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወጉ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ «ጉሮሮ ከሆነ ዝም ብለሽ ተይው» ብዬ አልመክርሽም። ምልክቱ ምንድን ነው ካልሽ ድንገት የሚጀምር ትኩሳት፣ ሲውጥ የሚያሠቃይ ጉሮሮ፣ ያበጠና ነጭ ነገር የያዘ ቶንሲል፣ አንገት ላይ የሚያም እብጠት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳልና ንፍጥ አለመኖር ነው። ልጅሽ ሳልም ንፍጥም አለው። ያ ወደ ቫይረሱ ያዘነብላል። ሳል የሌለው ባለ ትኩሳት ልጅ ከሆነ ግን ለሐኪም አሳዪው። የሚገርመው ነገር ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ተራውን ፔኒሲሊን አልተላመደም። እውነተኛው ቶንሲል በርካሹ መድኃኒት ይድናል፣ ለሱም ቢሆን ኦግመንቲን አያስፈልግም ማለት ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ምን እንዳላደረገ ልቁጠርልሽ። ኪሎውን አልጠየቀም፣ የልጅ መድኃኒት ደግሞ በኪሎ ነው የሚሰላው። የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት አልጠየቀም፣ ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምንጽፈው። ዱቄቱን በስንት ውሃ እንደምትበጠብጪው ነገረሽ? ጠርሙሱ ላይ ምልክት አለ፣ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ሆኖ እስከ ምልክቱ ነው የሚሞላው። ከበዛ መድኃኒቱ ይቀጥናል። በየትኛው ማንኪያ ሰጠሽው? የቡና ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፣ የሚሰጠው በመለኪያው ወይም በሲሪንጅ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። ፔኒሲሊን ማንም ከሱቅ የሚገዛው ነገር የሆነ ቀን፣ ሰዉ አሳንሶ እየወሰደ ጀርሙን ያስተምረዋል ብሎ።

ለምን ይሸጣሉ ታዲያ? ስለሌላው ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ ልናገር። እኔም ሸጫለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ባለቤቱ ማታ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ የማያምር ድምር ካየ «ደንበኛ እያባረርክ ነው» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት አሞክሲሲሊን አንድ ስትሪፕ እንኳን አልነበረም የጠየቁኝ፣ «አራት ፍሬ ስጠኝ» ነበር ያሉኝ። ቆርጬ ሰጠኋቸው። አራት ፍሬ አሞክሲሲሊን የሚያድነው በሽታ የለም፣ እያወቅኩ ነው የሰጠሁት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። እምቢ ያለሽ ልጅ እንግዲህ ያንን ግፊት ችሎ ነው እምቢ ያለሽ። ከጎኑ የሚሸጥ እንዳለ ያውቃል፣ ተናደሽ እንደምትሄጂ ያውቃል፣ ምናልባት ማታ ከአሠሪው ጋር እንደሚጨቃጨቅም ያውቃል። ሌላም ውስጥ ለውስጥ የሚታወቅ ነገር አለ። ግድግዳው ላይ የባለሙያ ፈቃድ ተሰቅሎ ባለሙያው በአካል የሌለባቸው ቤቶች አሉ። ፈቃድ ማከራየት ይሉታል። እዚያ የሚያስተናግድሽ ልጅ የመድኃኒቱን ስም ካርቶኑ ላይ ከማንበብ ያለፈ እውቀት ላይኖረው ይችላል፣ ላይጠይቅሽ የቻለውም ምን እንደሚጠየቅ ስለማያውቅ ይሆናል።

ሕጉ ግልጽ ነው። በአገራችን አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ነው፣ ቁጥጥሩም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የክልሎቹ ተቆጣጣሪዎች ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ይደነግጋል። ግን ሕግ አለ ብዬ ብቻ ላልፈው አልችልም፣ ምክንያቱም ያንቺም ንዴት መሠረት አለው። ካርድ ማውጣት ገንዘብ ነው። ወረፋው ግማሽ ቀን ነው፣ የቀን ሠራተኛ ለሆነ ሰው የቀኑ ገቢ ነው። ብዙ ሰው ፋርማሲ የሚሄደው አላዋቂ ስለሆነ ሳይሆን ቅርብና ርካሽ በር እሱ ስለሆነ ነው። እንግሊዝ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ጀምሮ የሠለጠኑ ፋርማሲስቶች ሰባት ቀላል በሽታዎችን፣ የጉሮሮ ሕመምንና የሴቶችን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጨምሮ፣ በተጻፈ መመሪያ እየለዩ ካስፈለገ አንቲባዮቲክ ራሳቸው እንዲሰጡ ፈቅዳለች። ለማያስፈልገው ግን «መድኃኒት አያስፈልግህም» ይሉታል። እኛ ጋም አንድ ቀን እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ግን ፈቃድ በኪራይ በሚሠራበት ገበያ ውስጥ ይህን መፍቀድ ለእሳት ጭድ ማቀበል ነው። መጀመሪያ ባለሙያው ባንኮኒው ላይ ይገኝ።

እግረ መንገዴን ለትልልቆቹ አንድ ነገር ልበል፣ ያንቺ ጥያቄ የአዋቂ ወንድም አለው፣ «ታይፎይድ አለብኝ፣ ሲፕሮ ስጠኝ» የሚለው። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ከዚያ ክሊኒክ ሄዶ ዊዳል የሚባለውን የደም ምርመራ ያደርጋል፣ ውጤቱም «ታይፎይድ ፖዘቲቭ» ይሆናል። ምርመራው ያረጀና ብዙ የሚሳሳት ነው። ድሮ ታመው የዳኑትንም፣ ሌላ ነገር የያዛቸውንም ፖዘቲቭ ይላል። አንድ ሰው በዓመት አራት ጊዜ ታይፎይድ ያዘኝ ካለኝ ምርመራውን እጠራጠራለሁ። ሲፕሮ ደግሞ እንዲህ የሚበተን መድኃኒት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። እንደ አሞክሲሲሊን ያሉት መጀመሪያ የሚሞከሩ ናቸው፣ ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪአክሶን በጥንቃቄ ብቻ የሚሰጡ ናቸው፣ ሦስተኛዎቹ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚወጡ መጠባበቂያዎች ናቸው። ከሲፕሮ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች ሳንባ ነቀርሳን ለጊዜው ጸጥ አድርገው ምርመራውን ሊያዘገዩም ይችላሉ። ለተቅማጥም ሲፕሮና ፍላጂል አብረው የሚወስዱ አሉ። ደም የሌለው ተራ የልጅ ተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ ነው የሚፈልገው። ካፕሱል ፈልቅቀው ዱቄቱን ቁስል ላይ ለሚነሰንሱ ደግሞ የምለው አንድ ቃል ነው፤ ተዉት። ቁስል በንጹህ ውሃና በሳሙና ይታጠባል።

«ሦስት ቀን ሰጥቼ አቆምኩ፣ ጥፋት ነው?» የሚል ስጋት ካለሽ፣ አይደለም። ቀድሞም አያስፈልገውም ነበርና ማቆምሽ ከመጀመርሽ የተሻለ ነው፣ አሁን ተመልሰሽ እንዳትቀጥዪው። «አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ይለቅ» የሚለው የድሮ ምክር የሚሠራው ሐኪም አይቶ ለታወቀ በሽታ ላዘዘው ነው። እሱም ቢሆን የታዘዘውን ያህል ቀን ማለት ነው፣ «ለማንኛውም» እያሉ ማስረዘም አይደለም። ለስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ ፔኒሲሊን 10 ቀን ሙሉ ይወሰዳል፣ ልብን ለመጠበቅ ነውና ልጁ በሦስተኛው ቀን ተሽሎት ቢሮጥም አይቋረጥም። ለብዙ የልጅ ሳንባ ምች ግን 5 ቀን ይበቃል። ቀኑን የሚወስነው በሽታው ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው መጠን አይደለም።

የሚቀጥለው ጉንፋን መምጣቱ አይቀርም፣ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ በዓመት ብዙ ጊዜ ይይዘዋል። ያኔ ይህን አድርጊ። ትኩሳት ወይም ሕመም ካለው በኪሎው የተሰላ ፓራሲታሞል፣ መጠኑን ፋርማሲስቱ ያስላልሽ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ፈሳሽ አብዢለት። ማታ ሳሉ እንቅልፍ ከነሳው አንድ ማንኪያ ማር ከብዙ የሳል ሽሮፕ ይሻላል፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ሳትዘገዪ ሐኪም ዘንድ የምትወስጂው ደግሞ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ከመለሰ፣ ከደነዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ አንገቱ ከገተረ፣ ጆሮው መግል ካወጣ፣ ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ወይም ተሽሎት የነበረ ልጅ እንደገና በትኩሳት ከወደቀ ነው። ታናሽ ካለው ትንፋሹን ቁጠሪ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ሳያለቅስ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፋርማሲ አትሂጂ፣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ምክሬ አጭር ነው፣ የመጀመሪያው ፋርማሲስት ጋ ተመለሺ። ደንበኛው ሁኚ። የራስ ምታት መድኃኒትሽንም፣ የእናትሽን የደም ግፊት መድኃኒትም ከሱ ግዢ። እንዲህ ያለ ፋርማሲ በሩን እንዳይዘጋ የሚያደርገው የናንተ የደንበኞቹ ገንዘብ ነው፣ እምቢ ባለ ቁጥር ሰው የሚሸሸው ከሆነ ነገ እሱም እንደ ጎረቤቱ ይሸጣል። ስትሄጂ «አሞክሲሲሊን ስጠኝ» አትበዪው፣ «ልጄ እንዲህ እንዲህ ሆኗል፣ ምን ላድርግ?» በዪው። ጥያቄሽ ሲቀየር የሚሰጥሽ መልስም ይቀየራል። ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ «እዚያ አይሸጡልንም» ብሎ ከአዲስ አበባ አሞክሲሲሊን ሻንጣ ሙሉ ይዞ መሄድ ከፈለገም እንዳትተባበሪ፣ እዚያ የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ዛሬ ይውጣ። የተበጠበጠ ኦግመንቲን እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 10 ቀን በላይ አይቆይም፣ የሚቀጥለው ጉንፋን ሲመጣ የተበላሸ መድኃኒት ነው የምትሰጪው። ለጎረቤት ልጅም አይሆንም። ፋርማሲስቱ ጠርሙሱን ለማስወገድ ይቀበልሽ እንደሆነ ጠይቂው። የማይቀበል ከሆነ ሽንት ቤትና ማጠቢያ ውስጥ አትድፊው፣ ከቡና አተላ ጋር ደባልቀሽ በፌስታል ጥብቅ አድርገሽ ቋጥረሽ ከቆሻሻው ጋር አውጪው።